የቴሌኮም ኃላፊ እንዳያመልጣችሁ አድርጎ መጠየቅ፣ ደረጃ በደረጃ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። ከተወሰነ ዓመት በፊት እዚሁ ጅማ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አንድ ድርጅት (ስሙን ተዉት) ደንበኞቹን ሰብስቦ ነበር፣ መድረኩ ለጥያቄ ሲከፈት እጄን አወጣሁና ማይኩን ይዤ ምን አልኩ፣ “በመጀመሪያ ይሄንን እድል ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፣ ሦስት ጥያቄ ነው ያለኝ፣ አንደኛ አገልግሎቱ ለምን ይቆራረጣል፣ ሁለተኛ ዋጋው ለምን ጨመረ፣ ሦስተኛ የወደፊት እቅዳችሁ ምንድነው።” ሰውየው ፈገግ አለ። ከዛ ሦስተኛዋን ብቻ መርጦ ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ራዕይ ምናምን አወራ፣ ሰው አጨበጨበ፣ የሚገርመው እኔም አጨበጨብኩ። መቆራረጡም ዋጋውም እንዳልተመለሰልኝ የገባኝ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ወደ ቤት ስሄድ ነው።

ከዛ በኋላ ነገሩን በደንብ ማየት ጀመርኩ። ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7፣ 2017 አክሲዮን ሲሸጥ እኔና ጓደኞቼ ትንሿን መጠን፣ 33 አክሲዮን በ300 ብር፣ 9,900 ብር ከፍለን ገባንበት። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን ነበር፣ የተሸጠው ግን 10.7 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ የገዛው ደግሞ ከ47 ሺህ በላይ ሰው ነው። ያ ሁሉ ሰው ብሩ የት እንደገባ የመጠየቅ መብት አለው ማለት ነው፣ አብዛኛው ግን (እኔን ጨምሮ) እንዴት እንደሚጠየቅ አያውቅም ነበር። እኛ የተማርነው ከኬንያው ሳፋሪኮም ነው፣ በየግማሽ ዓመቱ ውጤት ሲያቀርብ በኢንተርኔት ስለሚተላለፍ ቡና አፍልተን ቁጭ ብለን እንሰማለን፣ ኃላፊዎቹ የሚሉትን ሳይሆን አናሊስቶቹ (የኩባንያዎችን ሒሳብ የሚመረምሩት ባለሙያዎች) የሚጠይቁትን ነው የምንፅፈው። ከዛ የለቀምኩትን ነው እዚህ የማስቀምጠው፣ ባለአክሲዮን ሁኑ፣ ጋዜጠኛ ሁኑ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁኑ ይሠራል።

1. ማንን ነው የምትጠይቁት?

አጭር ነው። ዋና ሥራ አስፈፃሚውን ስለ አቅጣጫ፣ የፋይናንስ ኃላፊውን ስለ ብር፣ የኔትወርክ ኃላፊውን ስለ ታወርና ስለ ጥራት ጠይቁ። የፋይናንስ ጥያቄ ለዋና ሥራ አስፈፃሚ ከወረወራችሁ የሚመለስላችሁ ንግግር ነው። ከመድረክ ላይ ማን ማን እንደተቀመጠ አይታችሁ ጥያቄውን በማዕረግ አነጣጥሩት፣ “ይሄ ለፋይናንስ ኃላፊዋ ነው” ብላችሁ።

2. ቁጥሩን ሳትይዙ እጅ አታውጡ

ያለ ቁጥር የተጠየቀ ጥያቄ ያለ ቁጥር ይመለሳል። ስለዚ መጀመሪያ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሪፖርት አውርዱ፣ አምስት ነገር ብቻ በደብተር ፃፉ፤ ገቢ፣ የደንበኛ ቁጥር፣ ጠቅላላ ወጪ፣ ለኢንቨስትመንት የወጣ ብር (ካፔክስ የሚሉት)፣ እና ብድር። ሌላው ይቆያችሁ።

እዚህ ጋ ሰው የሚሳሳትባቸው ወጥመዶች አሉ፣ እኛም ሁሉንም ረግጠናቸዋል።

አንዱ የሒሳብ ዓመቱ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ዓመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ የሳፋሪኮም ዓመት ደግሞ በፈረንጆቹ ከኤፕሪል እስከ ማርች ነው። “በዚህ ዓመት ማን የበለጠ አደገ” ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንዱን ሰው በክረምት ሌላውን በበጋ መዝኖ እንደማወዳደር ነው።

ሌላው ገንዘቡ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ የሚሰበስበው ብር ነው፣ ሪፖርት የሚደረገው ግን በኬንያ ሽልንግ ነው፣ ስለዚ ብር ሲወርድ እዚህ ያለው ሥራ ቢያድግም እንኳ ናይሮቢ ላይ ያነሰ ሊመስል ይችላል። ጠያቂ ከሆናችሁ “በብር ሲታይስ?” የምትለዋን ነገር አትርሱ።

ከሁሉ የሚያታልለው ግን “ደንበኛ” የሚለው ቃል ነው። አንድ ኩባንያ ደንበኛ የሚለው ባለፉት 90 ቀናት አንዴ የተጠቀመ ሲም ሊሆን ይችላል፣ በ30 ቀን ሲቆጠር ግን ቁጥሩ ያንሳል። ደግሞ ሲም ሰው አይደለም! እኔ ራሴ ሁለት ሲም አለኝ፣ አንዱ ለቴሌብርና ለስልክ፣ አንዱ ለኢንተርኔት፣ ሁለቱም ኩባንያ እኔን በሙሉ ሰው ቆጥሮኛል። ስለዚ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ሁሌም ልትሆን የምትችለው “ይሄ የደንበኛ ቁጥር በስንት ቀን እንቅስቃሴ ነው የተቆጠረው?” ናት፣ ቀላል ትመስላለች ግን ክፍሉን ፀጥ ታደርጋለች።

3. አካፍሉ

ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ። ኃላፊዎች ትልቅ ቁጥር ይወዳሉ፣ ጠያቂ ደግሞ ትልቁን ቁጥር በሌላ ቁጥር ማካፈል አለበት።

ኢትዮ ቴሌኮምን እንውሰድ። በ2016 በጀት ዓመት ገቢው 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር፣ ደንበኛው 78.3 ሚሊዮን። በ2017 ገቢው 162 ቢሊዮን፣ ደንበኛው 83.2 ሚሊዮን። ዜናው “ገቢ 73 ፐርሰንት አደገ” ነው የሚለው፣ እውነት ነው፣ ያስጨበጭባል። አሁን ካልኩሌተር አውጡ።

ደንበኛው ያደገው በ6 ፐርሰንት ገደማ ነው። 93.7 ቢሊዮንን ለ78.3 ሚሊዮን ስታካፍሉት በዓመት 1,197 ብር፣ በወር 100 ብር አካባቢ ይመጣል። 162 ቢሊዮንን ለ83.2 ሚሊዮን ስታካፍሉት 1,947፣ በወር 162 ብር። ስለዚ እድገቱ በአብዛኛው የመጣው ከአዲስ ሰው ሳይሆን ከእያንዳንዱ ነባር ሰው በሚገኘው ብር ነው ማለት ነው። (አናሊስቶቹ ይሄን አርፑ ይሉታል፣ ከአንድ ደንበኛ የሚገኝ አማካይ ገቢ። የእኔ ስሌት ሻካራ ነው፣ የዓመት መጨረሻ ደንበኛ ነው የወሰድኩት፣ ገቢው ውስጥም ቴሌብሩም የቀፎ ሽያጩም የውጭ ጥሪውም ተቀላቅሏል፣ ግን ጥያቄ ለማውጣት ይበቃል።)

ይቺን 62 ብር ጭማሪ ስታዩ ጥያቄው ራሱ ይመጣላችኋል፣ ከየት መጣች? ከታሪፍ ሊሆን ይችላል። ሰው ብዙ ዳታ ስለተጠቀመ ሊሆን ይችላል። ቴሌብር ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ምንዛሬው ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም ሐምሌ 22፣ 2016 ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዶላር በብር ሲመነዘር በአንድ ዓመት ከእጥፍ በላይ ሆኗል፣ ከውጭ ጥሪ በዶላር የሚገኝ ገቢ ምንም ሳይጨምር በብር ግን ያብጣል። አራቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ብዙ ስለተጠቀመ ከሆነ እሰየው፣ ይቀጥላል። ምንዛሬ ከሆነ ግን አንዴ የሚመጣ ነገር ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ያህል አትጠብቁ።

ስለዚ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ “በ2017 ገቢ በ73 ፐርሰንት አድጓል፣ ደንበኛ ግን በ6 ፐርሰንት ነው። ከቀረው እድገት ውስጥ ከታሪፍ፣ ከአጠቃቀም እና ከምንዛሬ የመጣው እያንዳንዱ በፐርሰንት ስንት ነው?” በቃ። ለዚች “እድገታችን አመርቂ ነው” የሚል መልስ አይገጥማትም።

4. ሱቅ ውረዱ

አዲስ አበባ ያለ አናሊስት የሌለው፣ እኛ ግን ያለን ነገር ቢኖር ይሄ ነው። መርካቶ (የጅማውን ነው የምላችሁ) ካርድ የምትሸጥ የቴሌብር ወኪልም የሆነች ጎረቤት አለችን፣ ከየትኛውም ሪፖርት በፊት እሷ ጋ ነው የምሄደው።

“እትዬ፣ ሰሞኑን ምን ምን ይሸጣል?”

“ትንንሹ ነው እንጂ ልጄ፣ የቀን ጥቅል። የወሩን አሁን ማን ይገዛል፣ ቡና ሲገባ ና።”

ቡና ሲገባ ና! ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ስንት ስላይድ ታስንቃለች። እዚህ አካባቢ ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ቡና ሲለቀም ከአጋሮ ከሊሙ ከጎማ ብር ይገባል፣ ለለቃሚ የሚከፈለው፣ ነጋዴው የሚልከው፣ ስልኩ ራሱ ይጦፋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ሁሉም ይቀዘቅዛል። ስለዚ የመጀመሪያውን ግማሽ ዓመት ከሁለተኛው ጋር አወዳድራችሁ “ወረደ” ወይ “ጨመረ” አትበሉ፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር አወዳድሩ።

ሱቅ ስትሄዱ የምትጠይቁት፦ ሰው ትልቅ ጥቅል ትቶ ወደ ትንሽ እየወረደ ነው ወይስ ተቃራኒው? አዲስ ሲም የሚያወጣ ምን አይነት ሰው ነው፣ የመጀመሪያ ስልኩ ነው ወይስ ሁለተኛ ሲሙ? ገንዘብ አውጪው ይበዛል ወይስ አስገቢው? አንድ ሱቅ አገር አይደለም አውቃለሁ፣ ስለዚ መድረክ ላይ ወጥታችሁ “ጅማ ላይ ሰው ጥቅል አቁሟል” እንዳትሉ፣ እሱን ለጥያቄ መነሻ ብቻ ተጠቀሙበት፦ “ከጥቅል ገቢያችሁ ውስጥ የቀን ጥቅል ድርሻ ካለፈው ዓመት ጋር ሲነፃፀር ጨምሯል ወይስ ቀንሷል፣ በስንት?”

5. ወጪ፣ ማለትም ታወር፣ ናፍጣ እና ዶላር

ስለ እድገት ሁሉም ይጠይቃል፣ ስለ ወጪ የሚጠይቅ ትንሽ ነው፣ ኃላፊዎችም ይሄን ያውቃሉ።

ከሰፈራችን በላይ ኮረብታ ላይ ታወር አለ። መብራት ሲጠፋ (ጅማ ዝናብ ሲመጣ ያው ታውቃላችሁ) ትንሽ ቆይቶ ጀነሬተሩ ሲነሳ ድምፁ እስከ ቤታችን ይሰማል፣ ልጆቹ “መጣ መጣ” ይላሉ ኔትወርኩን። እኔ ግን አሁን ያንን ድምፅ ስሰማ የሚታየኝ ናፍጣ ነው፣ ናፍጣውን ጭቃ መንገድ ላይ ጭኖ የሚወጣው መኪና፣ ጥበቃው፣ ባትሪው። የቴሌኮም ወጪ በአብዛኛው እንዲህ ነው፣ ሰው ደወለም አልደወለም ይወጣል። ስለዚ አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ወጪው ብዙም አይጨምርም፣ ደንበኛ ሲጠፋም ብዙም አይቀንስም። ለዚህ ነው “አንድ ታወር በአማካይ ስንት ብር ያስገባል፣ በዓመት ስንት ይበላል?” የምትለው ጥያቄ ከ“ወጪ ለመቀነስ ምን እየሠራችሁ ነው” መቶ እጥፍ የምትሻለው።

ከዛ ዶላሩ አለ። የታወር ዕቃ፣ ሶፍትዌር፣ የአቅራቢ ብድር፣ አብዛኛው በውጭ ምንዛሬ ነው፣ ገቢው ግን ብር። ሳፋሪኮምና አጋሮቹ ለፈቃዱ ብቻ 850 ሚሊዮን ዶላር ነው የከፈሉት። ይሄ ነገር ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ናይጄሪያን እዩ፣ በ2023 (በፈረንጅ) የገንዘባቸው የናይራ ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ኤምቲኤን ናይጄሪያ የሚባለው የቴሌኮም ኩባንያ ደንበኛ ሳያጣ በ2023ም በ2024ም ኪሳራ ውስጥ ገባ፣ የምንዛሬው ልዩነት በላው፣ ከዛ ከታወር አከራዩ ጋር ውል እንደገና ተደራደረ፣ በ2025 ጃንዋሪ ላይ ተቆጣጣሪው እስከ 50 ፐርሰንት ታሪፍ እንዲጨመር ፈቀደ። ስለዚ የኛን ኃላፊዎች የምትጠይቁት፦ “ከዓመት ወጪያችሁ በውጭ ምንዛሬ የሚከፈለው ስንት ፐርሰንት ነው? ዶላር በ10 ፐርሰንት ቢጨምር ትርፉ በስንት ይቀንሳል?” ይሄን የፋይናንስ ኃላፊ ያውቀዋል፣ ካላወቀው ደግሞ አለማወቁ ራሱ ዜና ነው።

ኢቢትዳ የሚባለውን ነገር እዚህ ጋ ልንገራችሁ ምክንያቱም በሱ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ባጃጅ ያለው ሰው ቤንዚን ሞልቶ፣ ለሹፌር ከፍሎ፣ ጎማ ቀይሮ የተረፈውን “ይሄ ትርፌ ነው” ሲል አስቡት። ባጃጇ ግን እያረጀች ነው፣ የተገዛችበት ብድር ወለድ አለው፣ ግብርም አለ። ኢቢትዳ ማለት እነዚ ሦስቱ ሳይቀነሱ ያለው ቁጥር ነው። ለማወዳደሪያ አይጠቅምም አልልም፣ ግን ቴሌኮም ላይ ዕቃው ቶሎ የሚያረጅ ስለሆነ ኢቢትዳ አምሮ ባለአክሲዮን ምንም ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። “ኢቢትዳ አድጓል” ሲሏችሁ ተከታይ ጥያቄያችሁ “ካፔክሱና ወለዱ ከወጣ በኋላ በእጅ የቀረው ጥሬ ብር ስንት ነው?” ይሁን።

6. ስትራቴጂ ስትጠይቁ የተተወውን ጠይቁ

“ስትራቴጂያችሁ ምንድነው” አትበሉ በናታችሁ፣ የኔን ሩብ ሰዓት አስታውሱ። ስትራቴጂ ማለት አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ነው፣ ስለዚ የተተወው ነው የሚጠየቀው። ካፔክሱ ውስን ከሆነ ገጠር ታወር ነው የሚቀድመው ወይስ ከተማ ውስጥ ፍጥነት መጨመር? እንዲህ ሲባል መምረጥ ግድ ይሆናል።

ያለፈውን እቅድም አምጡት። ኢትዮ ቴሌኮም ሊድ የሚለውን የሦስት ዓመት ስትራቴጂ ጨርሶ በ2017 መጨረሻ ላይ ኔክስት ሆራይዘን 2028 የሚለውን ጀምሯል። አዲሱን ከመጠየቅ በፊት “ከአሮጌው እቅድ ያልተሳካው የትኛው ግብ ነው፣ ለምን?” በሉ። ሳፋሪኮምን ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ሥራ እስከ 2027 ማርች (በፈረንጅ) በኢቢትዳ ሲታይ ወጪውን መሸፈን ይጀምራል ተብሏል፣ ስለዚ “ያ ቀን የተሰላው በምን ዓይነት ምንዛሬና በስንት ደንበኛ ነው?” ማለት ነው። ቀኑ እንዳለ ሆኖ መነሻው ከተቀየረ ቀኑም እንደሚቀየር ማወቅ አለባችሁ።

ሞባይል ገንዘብ ላይ ሁሉም የኬንያን ታሪክ ነው የሚጠቅሰው፣ ኤምፔሳ በ2007 (በፈረንጅ) ተጀምሮ አሁን ከሳፋሪኮም የአገልግሎት ገቢ ከ40 ፐርሰንት በላይ ያመጣል፣ ልክ ነው፣ ግን ያ በአንድ ጀምበር አልመጣም። ቴሌብር ግንቦት 2013 ተጀምሮ ተጠቃሚው ከ54 ሚሊዮን በላይ ደርሷል፣ ቁጥሩ ትልቅ ነው፣ ጥያቄው ግን “ከነዚህ ውስጥ በወር ቢያንስ አንዴ ለዕቃ ወይም ለአገልግሎት የከፈለው ስንት ነው?” ነው። ከባንክ ጋር የሚሰጡት ብድርም አለ፣ እሱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር ኪሳራው የባንኩ ነው ወይስ የናንተ?

7. አሳጥሩት

ጥያቄያችሁን ፃፉና ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፣ ከግማሽ ደቂቃ ካለፈ ቁረጡት። ቅርፁ ቁጥር፣ ከዛ የገረማችሁ ነገር፣ ከዛ ጥያቄ ነው። ምስጋና አንድ ቃል ይበቃል። አክብሮት ግን አትቀንሱ፣ “እርስዎ” በሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ እኛ አገር በቁጣ የተጠየቀ ጥያቄ ሰውየውን ተጎጂ ያደርገዋል፣ አዳራሹም ወደሱ ያዘነብላል። “አዎ” ወይ “አይ” ተብሎ የሚያልቅ ጥያቄም ተዉት።

ሦስት ጥያቄ ካላችሁ ለሦስት ሰው አከፋፍሉት፣ እኛ እንደዛ ነው የምናደርገው፣ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው መልሱን ይፅፋል።

8. መልሱን ስሙ

“እየተሠራበት ነው” ማለት አልተሠራም ነው። “በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል” ማለት ቁጥሩ አለ ግን አልሰጥም። “ከገበያው ጋር ሲነፃፀር” ከተባለ የትኛው ገበያ በሉ። ካመለጣችሁ ደግሞ እዛው አትጨቃጨቁ፣ በትህትና “ቁጥሩን በፅሁፍ ልታደርሱን ትችላላችሁ?” ብላችሁ ተቀመጡ፣ ከዛ በስድስት ወሩ ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ድገሙት። ደብተር ያስፈለገው ለዚህ ነው፣ ቀን፣ ማን መለሰ፣ ምን ቁጥር ሰጠ።

የኛ ደብተር የመጨረሻ ገፅ ላይ አሁን አራት ጥያቄ አለ። ሦስቱ ከላይ ያነበባችኋቸው ናቸው። አራተኛዋን ያመጣችው የካርድ ሱቋ ጎረቤታችን ናት፣ ባለፈው ስኒውን እያቀበለችኝ “አንተ ዝም ብለህ ትልልቁን ትጠይቃለህ፣ የኔን ለምን አትጠይቅልኝም” አለችኝ፣ ምንድነው ስላት፦ “ቴሌብር ላይ ሰው አንድ ሺህ ብር ሲያወጣ ከሚቆረጠው ላይ ለወኪል የሚደርሰው ስንት ነው፣ ለኩባንያው ስንት ይቀራል፣ ሁለት ዓመት በፊትስ ስንት ነበር?” ከሁላችን ጥያቄ በላይ ሆና ስላገኘናት አንደኛ ላይ አድርገናታል።